እናቴን «እኔ ነኛ ያወረስኳት» ያሰኘው ጽሑፋችሁ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ጤና ይስጥልኝ። ባለፈው ሳምንት ሉፐስ ስለሚባለው፣ የሰውነት መከላከያ የራሱን አካል ስለሚያጠቃበት ሕመምና ስለ ኩላሊት በጤና ዓምዳችሁ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። አንዴ ለራሴ። አንዴ ለእናቴ ጮክ ብዬ። ሦስተኛውን ደግሞ «ምናልባት ያልገባኝ እኔ እሆናለሁ» ብዬ። ገብቶኛል። ጽሑፉ ከዳር እስከ ዳር ስለ ዘረመል ነው። የሉፐስ ሕመምተኛን ኩላሊት የሚጥለው በዘር የሚወረስ ነገር ነው፣ የአፍሪካ ዘር ያለው ሰው ደግሞ የባሰ ተጋላጭ ነው፣ ስለዚህ የዘረመል ምርመራ ማድረግ ነው ይላል። ሽንት የሚለው ቃል አንድም ቦታ የለም። ፈልጌዋለሁ።

እናቴ ዓይኗ ስለደከመ ጋዜጣ የማነብላት እኔ ነኝ። ጨርሼ ቀና ስል ዝም ብላለች። ቆየት ብላ «እኔ ነኛ ያወረስኳት» አለች። ታናሽ እህቴ ሉፐስ እንዳለባት ከታወቀ ስድስት ዓመት ሆኗል፣ ኩላሊቷም ተነክቷል፣ እና እናቴ ይሄን ሁሉ ዓመት ጥፋቷን ስትፈልግ ኖራ አሁን ጋዜጣ ላይ ታትሞ ያገኘችው ነው የመሰለው። እህቴ ደግሞ የባሰውን ተናገረች። «በዘሬ ከሆነማ ይሄ ሁሉ ኪኒን ምን ሊፈይድ ነው?» እየሳቀች ነው ያለችው። ማታ ግን የኪኒን መያዣዋን ከፍቼ ሳይ የዕለቱ ኪኒን እንዳለ ተቀምጧል። አባታችን እንደ ልማዱ ጥግ ይዞ ምንም አላለም።

የምጽፍላችሁ ለዚህ ነው። ሐኪም አይደለሁም። ግን ስድስት ዓመት ከእህቴ ጋር ወረፋ ስጠብቅ፣ ስጠይቅ፣ ማታ ማታ ሳነብ የያዝኩት ነገር አለ። ጽሑፋችሁ ውሸት ነው አልልም። የተዋችሁት ነገር ግን ከጻፋችሁት ይበልጣል።

ሲጀመር ሁለት ጥያቄ አንድ ላይ ጨፍልቃችኋል። አንዱ፣ ሰው ለምን ሉፐስ ይይዘዋል? ሌላው፣ ሉፐስ ከያዘው በኋላ የአንዱ ኩላሊት ሲጎዳ የሌላው ለምን ይተርፋል? መልሳቸው ይነካካል እንጂ አንድ አይደለም።

የመጀመሪያው ላይ ዘር አለበት፣ አልክድም። በ1992 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) የታተመ የታወቀ የመንትዮች ጥናት አለ። ዘረመላቸው ፍጹም አንድ ከሆኑት መንትዮች አንዱ ሉፐስ ሲይዘው ሁለተኛውንም ይዞ የተገኘው 24 በመቶ በሚሆኑት ላይ ነው። እንደ ማንኛውም ወንድምና እህት ብቻ በሚዛመዱት መንትዮች ላይ ግን 2 በመቶ። እስቲ 24ን አስቡት። ከ2 ጋር ሲተያይ ትልቅ ነው፣ ዘሩ መኖሩን ያሳያል። ግን ደግሞ ያው ዘረመል፣ ያው ማህፀን፣ አብዛኛውን ጊዜ ያው ቤት፣ እና ከአራት ሦስቱ ሁለተኛ መንትያ አልታመመም። ታይዋን ውስጥ የመላውን ሕዝብ የጤና መድን መዝገብ አገላብጠው በ2015 ያወጡት ጥናትም የዘርን ድርሻ 44 በመቶ ገደማ ነው ያለው። ግማሽ እንኳ አይሞላም። የቀረው ከአካባቢና ከኑሮ፣ ከገጠመን ነገር ሁሉ የሚመጣ ነው።

ያ 44 በመቶም የአንድ ጂን ሥራ አይደለም። እስካሁን ከሉፐስ ጋር የተያያዙት የዘረመል ቦታዎች ከ100 በላይ ናቸው። ስታት4 የሚባል አለ፣ አይአርኤፍ5 አለ፣ ሰውነት የራሱንና የባዕዱን የሚለይበት ኤችኤልኤ የሚባለው ሰፈር አለ። እያንዳንዱ ጠጋ ብሎ ትንሽ ገፋ ያደርጋል እንጂ ብቻውን አይጥልም። ብዙዎቹ በእኔም በእናንተም ውስጥ ይኖራሉ።

ብቻውን የሚጥል የለም ማለቴ ግን አይደለም። ሲ1ኪው የሚባል የሞቱ ሴሎችን ለማጽዳት የሚያግዝ ፕሮቲን አለ። ከእናትም ከአባትም የተበላሸውን ቅጂ ወርሶ ይህ ፕሮቲን ጭራሽ የሌለው ልጅ ሉፐስ ወይም ሉፐስ መሰል ሕመም የማይዘው ከስንት አንድ ነው። በ2022 ደግሞ አንዲት ስፔናዊት ልጅ ላይ ቲኤልአር7 በሚባል ጂን ውስጥ አንዲት ፊደል ብቻ ተቀይራ በልጅነቷ ሉፐስ እንዳመጣችባት ታወቀ። ይህ ጂን ያለው ኤክስ ክሮሞዞም ላይ ነው። ሴት ሁለት ኤክስ አላት፣ ከ10 የሉፐስ ሕመምተኞች 9 ያህሉ ሴቶች የሆኑበት አንዱ ምክንያት እዚህ አካባቢ ሳይሆን አይቀርም። ተጨማሪ ኤክስ ይዘው የሚወለዱ ወንዶችም ከሌላው ወንድ በብዙ እጥፍ ይጋለጣሉ። እነዚህ ግን ብርቅዬ ናቸው። በአብዛኛው ሕመምተኛ ላይ የሚሆነው የመጀመሪያው ነው፣ ብዙ ትንንሽ ግፊት።

ለእናቴ ያስረዳኋት በካርታ ነው። ግማሹን አንቺ ሰጠሽ፣ ግማሹን አባዬ። ሁለታችሁም የያዛችሁትን ሳታዩ በውዛችሁ ነው ያደላችሁት። ለእኔም ከዚያው ካርታ ደርሶኛል፣ እኔ አልታመምኩም። «እና ካርታውን የያዝኩት እኔ አይደለሁም?» አለችኝ። ከእናት ጋር ክርክር እንዲህ ነው።

አሁን ወደ ኩላሊቱ። ሉፐስ ማለት መከላከያው ዞሮ የራሱን ሰውነት ሲወጋ ነው። ከራሱ ሴል አስኳል የወጡ ነገሮችንና እነሱን ሊያጠቁ የተሠሩትን ፀረ እንግዳ አካላት አንድ ላይ አጣብቆ በደም ውስጥ ያዞራቸዋል። እያንዳንዱ ኩላሊት ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጉ ጥቃቅን ማጣሪያዎች አሉት። ያ ጥቅል ማጣሪያው ላይ ይቀመጣል፣ አንዳንዴም እዚያው ይሠራል፣ ቁጣ ይቀሰቅሳል፣ ማጣሪያው ይቀደዳል። ከዚያ ደም ውስጥ መቅረት የነበረበት ፕሮቲን ወደ ሽንት ያመልጣል። ከሉፐስ ሕመምተኞች 40 በመቶ ገደማ በሚሆኑት ላይ ይህ ይደርሳል፣ ብዙውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ አምስት ዓመታት ውስጥ።

የዘሩ ነገር እዚህ ላይ ሁለት ዓይነት ሆኖ ይመጣል። አንዱ የሚያጠቃውን የሚያበረታ ነው። ስታት4ና አይቲጋም የተባሉት ጂኖች ላይ ያሉ አንዳንድ ለውጦች ኩላሊታቸው በተነካ ሰዎች ላይ ጎልተው ታይተዋል፣ ያን ጥቅል ከደም አንስተው በሚያጸዱ ተቀባዮች ላይ ያሉትም እንዲሁ። ሁለተኛው የሚጠቃውን የሚያደክም ነው። እናንተ የጻፋችሁበት አፖኤል1 የሚባለው ጂን እዚህ ውስጥ ነው የሚገባው። ሉፐስን አያመጣም። ኩላሊቱ ሲመታ የመቋቋም አቅሙን ነው የሚነካው። ይህን ልዩነት አንድ ዓረፍተ ነገር ብትሰጡት ምን ነበረበት?

የአፖኤል1 ታሪክ ደግሞ ደስ የሚል ነው። በ2008 ተመራማሪዎች ክሮሞዞም 22 ላይ ኤምዋይኤች9 የሚባለውን ጂን ጥፋተኛ አደረጉት። በ2010 ሲጣራ ጥፋተኛው ጎረቤቱ ሆኖ ተገኘ፣ አፖኤል1። ይህ ጂን ሲፈጠር የእንቅልፍ በሽታን ተሕዋስ የሚገድል ፕሮቲን የሚሠራ ነው። ያው በቆላ ዝንብ የሚመጣው፣ ከብቱን ገንዲ ከሚያስይዘው ጋር ዘመድ የሆነው። ተሕዋሱ ይህን ፕሮቲን የሚያመልጥበት ዘዴ ሲያበጅ፣ አፍሪካ ውስጥ ባሉ አንዳንድ ሕዝቦች ጂኑ ላይ ሁለት ለውጦች ተፈጠሩና ዘዴውን አፈረሱበት። ከእናቱ ወይም ከአባቱ አንድ የተለወጠ ቅጂ የወረሰ ሰው ከተሕዋሱ የተሻለ ተጠበቀ፣ ስለዚህ ለውጡ በትውልድ ውስጥ ተስፋፋ። ዋጋው የመጣው ከሁለቱም ወርሶ ሁለት ቅጂ ለያዘው ነው፣ ኩላሊቱ ላይ። ባለ አንድ ቅጂ ሰው በአብዛኛው የሚያሰጋው ነገር የለም። በጽሑፋችሁ «ጂኑ ያለበት ሰው» ብላችሁ አለፋችሁት። አንድ ነው ሁለት?

ከዚህ የሚከተለው ነው ያናደደኝ። በ2014 የታተመ፣ ሉፐስ ባለባቸው አፍሪካ አሜሪካውያን ላይ የተሠራ ጥናት አለ። ኩላሊታቸው ጨርሶ ካቆመባቸው ሰዎች ሩብ ያህሉ ሁለቱንም ቅጂ ይዘው ተገኙ። ሉፐስ ኖሮባቸው ኩላሊታቸው ካልተነካው ደግሞ 12 በመቶ። ዕድሉ ከሁለት እጥፍ በላይ ነው፣ ቀላል አይደለም። ግን ኩላሊታቸው ካቆመባቸው ውስጥ ሩቡ ሁለት ቅጂ ከያዙ የቀሩት ሦስት አራተኛዎቹስ? ያለ ሁለት ቅጂ ነው ያቆመባቸው። ሁለት ቅጂ ይዘው ኩላሊታቸው ደህና የሆነም አሉ፣ ያው 12 በመቶዎቹ። ይህን ቁጥር እህቴ ብታየው ኪኒኗን አታስቀምጥም ነበር ብዬ አስባለሁ። አላውቅም፣ ቢያንስ ሰበብ አይሆናትም ነበር።

«የአፍሪካ ዘር» ስለምትሉትም። አፍሪካ አንድ ሰው አይደለችም። በ2011 የወጣ ጥናት ኢትዮጵያውያን ላይ እነዚህን ሁለት ለውጦች ፈልጎ አጣቸው። ኤችአይቪ ያለባቸውን ከ300 በላይ ኢትዮጵያውያን ተወላጆች ሕመምተኞችም አይቶ፣ ከእነዚህ ለውጦች ጋር አብሮ የሚሄደውን ከኤችአይቪ የሚመጣ የኩላሊት ሕመም አንድም ሰው ላይ አላገኘም። ለውጦቹ የበዙት በምዕራብ አፍሪካና ከዚያ በተነሱ ሕዝቦች ላይ ነው። እናንተ በአማርኛ ለአማርኛ አንባቢ ስትጽፉ ይሄ የመጀመሪያው አንቀጽ ላይ ሊገባ የሚገባው ነገር ነበር። ይልቅ «አፍሪካዊ» የሚለውን ሰፊ ቃል ወርውራችሁ እናቴን አስደነገጣችኋት።

አንድ ሌላ ነገር ልጨምር፣ ከዚሁ ጋር ይሄዳል። የኩላሊት አቅም በደም ምርመራ ሲሰላ ለጥቁር ሰው ውጤቱን ከፍ የሚያደርግ ማባዣ ነበረ፣ ማለትም ኩላሊቱ ካለበት ሁኔታ የተሻለ መስሎ ይታያል። አሜሪካ ውስጥ ያ ማባዣ እንዲቀር የተወሰነው ገና በ2021 ነው። የቆዳ ቀለም ስለ ጂን የሚናገረው ይህን ያህል ጥቂት መሆኑን ሐኪሞቹም ራሳቸው ቆይተው ነው የተቀበሉት።

እና ማንም «እኛ ጂኑ የለንም፣ ተመስገን» ብሎ እንዳይዘናጋ። እህቴ ኢትዮጵያዊት ናት። ኩላሊቷ ተነክቷል።

እንዴት እንደተነካ ልንገራችሁ። መጀመሪያ የጣቶቿ መገጣጠሚያ ነበር የሚያማት። ሉፐስ ነው ተባለ፣ መድኃኒት ተጀመረ፣ ቀጠሮ እየተሰጠን ስምንት ወር ተመላለስን። ስለ መገጣጠሚያዋ ይጠየቃል፣ ስለ ፊቷ ሽፍታ ይጠየቃል። በስምንት ወር ውስጥ አንድ ጊዜ እንኳ ሽንት ስጪ ያላት የለም። የቤተሰብ ታሪክ ግን ተጠይቀናል፣ እናቴ ነበረች አብራን፣ ስለ ራሷ ወገን መለሰች። እህቴ በመሃሉ ሕመሙ ሲጠናባት ዳይክሎፌናክ ትውጥ ነበር። ያ ማስታገሻ የደከመ ኩላሊትን የበለጠ እንደሚጎዳ የነገረን አልነበረም።

ከዚያ የካልሲ ነገር መጣ። ማታ ካልሲዋን ስታወልቅ ላስቲኩ ያረፈበት ቦታ ቦይ ሆኖ ይቀራል። በጣቴ ተጭኜ ሳነሳው ጉድጓዱ ቶሎ አይሞላም። ጠዋት ደግሞ ዓይኗ ዙሪያ ያብጣል፣ እኛ እንቅልፍ ነው እንላለን። አንድ ቀን «ሽንቴ እንደ ሳሙና አረፋ ይሠራል» አለችኝ፣ እያፈረች። አረፋው ቢቆይም አይጠፋም። እሱ ነው ወደ ሌላ ቦታ ያስኬደን። አዲሷ ሐኪም ገና ታሪኩን ሳንጨርስ ኩባያ ሰጧት። ወረቀቷን ሽንቱ ውስጥ ነክረው አወጡና ቀለሟን ከጠርሙሱ ጋር አስተያዩ። ፕሮቲን ሦስት መስቀል፣ ብዙ ነው ማለት ነው። የኩላሊት አቅም በደም የሚታይበት ክሪያቲኒኗ ግን ያኔም ደህና ነበር! ይሄን ነው ሰው የማያውቀው። የደሙ ውጤት ደህና ነው እያለ ሽንቱ ይጮሃል። ኩላሊት ብዙ እስኪጎዳ ክሪያቲኒን አይነቃነቅም፣ አያምምም ደግሞ።

በመርፌ ከኩላሊቷ ናሙና ተወሰደ። ከስድስቱ ደረጃዎች አራተኛው ነው ተባለ። ቁጥሩ ካንሰር ላይ እንደሚባለው አይደለም፣ የጉዳቱን ዓይነት ነው የሚናገረው፣ አራተኛው አደገኛ ቢሆንም ሊመለስ የሚችል ነው። መከላከያውን የሚያበርዱት ስቴሮይድና ማይኮፌኖሌት፣ የደም ግፊት መድኃኒት፣ ያው የሉፐስ መድኃኒት ሃይድሮክሲክሎሮኪንም አልቀረም። ሐኪሟ ግባቸውን ወረቀት ላይ ጻፉልን፣ በስድስት ወር የፕሮቲኑ መጠን በግማሽ ይቀንሳል፣ በዓመት ወደ ግማሽ ግራም ገደማ ወይም ከዚያ በታች ይወርዳል። ስድስተኛው ወር ላይ ከግማሽ በታች ወርዶ ነበር። አሁን በየሦስት ወሩ ሽንት እንሰጣለን። ይሄ ሁሉ ሲሆን ስለ ጂኗ የጠየቀ የለም፣ ቢታወቅም ከሚሰጣት መድኃኒት አንዱም አይቀየርም ነበር።

ታዲያ የጂን ምርመራ ዋጋ የለውም? አለው። በጣም በልጅነት ሉፐስ የያዘው ልጅ ሲገኝ፣ ወይም ወላጆቹ ዘመዳሞች ሲሆኑ፣ ወይም ሁለት ሦስት እህትማማቾች ላይ ሲደጋገም አንድ ጂን ብቻውን ያመጣው ሊሆን ስለሚችል ይመረመራል። ኩላሊት የሚለግስ ሰው ጂኑ የበዛበት ሕዝብ ተወላጅ ከሆነ አፖኤል1ን ማየት ትርጉም አለው፣ ምክንያቱም ሁለት ቅጂ ካለው ሰው የተወሰደ ኩላሊት ቶሎ የመድከም ዕድሉ ከፍ ያለ ነው። አፖኤል1ን ራሱን የሚያግድ ኪኒንም እየተሞከረ ነው። በ2023 በወጣ ትንሽ ሙከራ ላይ ሉፐስ ሳይሆን ሌላ የኩላሊት ሕመም ባለባቸው ባለ ሁለት ቅጂ ሰዎች ሽንት ውስጥ ፕሮቲኑን በግማሽ ገደማ ቀንሷል። እሱ ከዳር ከደረሰ እኔም ሐሳቤን እቀይራለሁ።

ስለ ራሴም ተጠይቄያለሁ። ጽሑፋችሁን ያነበበች ጓደኛዬ ደውላ «አንቺስ አትመረመሪም?» አለችኝ። ለሉፐስ ሕመምተኛ እህት ወይም ወንድም ዕድሉ ከሌላው ሰው ሃያ እጥፍ ይበልጣል ሲባል ያስደነግጣል፣ ግን መነሻው በጣም ትንሽ ስለሆነ ሃያ ጊዜ ቢባዛም አብዛኞቻችን አንታመምም። ምንም ሳያመኝ የሉፐስ የደም ምርመራ ባደርግ ደግሞ ጤነኛም ሰው ላይ ፖዘቲቭ ሊመጣ ይችላልና ጭንቀት ሸምቼ ነው የምመለሰው። የእኔ ድርሻ መገጣጠሚያዬ ቢያብጥ፣ ፀሐይ ሲነካኝ ፊቴ ቢቆጣ፣ ሽንቴ አረፋ ቢሠራ ሳልውል ሳላድር መሄድ ነው።

የምጠይቃችሁ ይህን ነው። በሚቀጥለው እትም፣ እዚያው ቦታ ላይ፣ ያንኑ ያህል ርዕስ ሰጥታችሁ ሉፐስ ያለበት ሰው ሁሉ ቢያመውም ባያመውም ሽንቱ ውስጥ ፕሮቲንና ደም መኖሩን በየጊዜው ማስመርመር እንዳለበት፣ ግፊቱንም ማስለካት እንዳለበት ጻፉ። እንደ ዳይክሎፌናክ ያለ ማስታገሻ የደከመ ኩላሊትን እንደሚጎዳም ጨምሩ። መድኃኒት በራስ ማቆም እንደማይገባም። ስለ ጂኑ መጻፍ ከፈለጋችሁ ሁለት ቅጂ የሚለውን አትርሱ።

ደብዳቤውን ከመላኬ በፊት ትናንት ማታ ለቤቱ ሰው ሁሉ አነበብኩት። እናቴ የካርታውን ነገር ስሰማው ደስ አላለኝም አለች። እህቴ የካልሲውን አውጪው አለችኝ፣ አላወጣሁትም። «ግማሹን አባዬ» የሚለው ላይ ስደርስ አባቴ ጉሮሮውን ጠረገ። ታናሽ እህቱን አነሳ። እኛ አናውቃትም፣ በሃያዎቹ ዕድሜ ነው የሞተችው፣ በምን እንደሞተች ተነግሮን አያውቅም። «እሷም እግሯ ያብጥ ነበር» አለ። «ጠዋት ጠዋት ፊቷም።»

ስድስት ዓመት። ለምን አልነገርከንም ስለው «ማን ጠየቀኝ?» አለ። እውነቱን ነው። ለሐኪሟ እንድነግራቸው ቀጠሮ ወረቀቷ ጀርባ ላይ ጻፍኩት። ማክሰኞ ነው የምንሄደው።

የዘወትር አንባቢያችሁ